በስሜ የሰበሰብኩት መዋጮ ታገደብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። እዚህ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ሮክፌለር ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 የተመረቀ የሃንጋሪዎች የባህል መናፈሻ አለ፤ የሙዚቃ ቀማሪው ፍራንዝ ሊስት መታሰቢያ ያለበት። ባለቤቴ የሃንጋሪ ዘር ስላላት ከአማቶቼ ጋር ለአበባው መደብ ማደሻ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመርን። የእድር ጸሐፊ ስለነበርኩ «አንተ ያዘው» አሉኝ። ጥፋቴ የመዋጮውን የኢንተርኔት ገጽ በራሴ ስም መክፈቴ ነው። 2,400 ዶላር ሲደርስ ታገደ፤ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወረቀት አምጣ ተባልኩ። ከየት ላምጣ? አማቴ ከጡረታቸው ቆንጥረው 50 ዶላር አዋጥተዋል፤ እሁድ እሁድ ቡና ላይ «አበባው መቼ ይተከላል?» ይሉኛል፤ አንገቴን እደፋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለማኅበር ገንዘብ ያሰባሰባችሁ፣ ፈቃድ ባለው ሌላ ማኅበር ሥር መግባት ያዋጣል? ወይስ ለሰጪዎቹ መልሼ እንደ አዲስ ልጀምር? ግብሩስ እኔ ላይ ይመጣል?