አክራ ለምትሄዱ፦ እሁድ የት ቤተክርስቲያን ይኬዳል?

«ለሥራ ጋና፣ አክራ ልሄድ ነው፤ እሁድ እሁድ የት ልሂድ?» ብላ የጠየቀች እህት ነበረች። መልሴ ስለረዘመ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ሁለት ዓመት ከምናምን እዚያ ኖሬያለሁ። ያደግኩት ተዋሕዶ ቤት ነው፤ ግን እዚያ በየእሁዱ ቤተክርስቲያን መቀያየር ሱስ ሆኖብኝ ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

አክራ ቤተክርስቲያን ፈልጎ ያጣ ሰው የለም፤ ጣጣው መምረጡ ላይ ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 71.3 በመቶው ክርስቲያን ነው። ከጠቅላላው ሕዝብ 31.6 በመቶው እኛ ጴንጤ የምንለው ዓይነት ነው፤ ካቶሊኩ 10 በመቶ ገደማ። ፀጉር ቤቱም፣ ጎማ ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም ስሙ ላይ ጌታን ይጠራል። ትሮትሮ የሚሉት ሚኒባሳቸው ከኋላው ጥቅስ ሳይለጠፍበት የሚሄድ አይመስለኝም።

ስለዚህ ስም ከመምረጥሽ በፊት ቋንቋ ጠይቂ። አንዱ ሕንፃ ውስጥ ማለዳ ትዊ በሚባለው የአገሬው ቋንቋ፣ ረፋዱ ላይ በእንግሊዝኛ አምልኮ ሊኖር ይችላል። አንዳንዱ ቤት «ጋ» በሚባለው ቋንቋ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ «ኤዌ» በሚባለው። በር ላይ ሰሌዳ አለ፣ አንብቢው። እኔ ሳላነብ ገባሁና ከሦስት ሰዓት በላይ ትዊ ስሰማ ዋልኩ። የገባኝ «አሜን» እና «ሃሌሉያ» ብቻ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በጆሮዬ ሊተረጉሙልኝ ሞከሩ። ትንሽ ቆይተው ደከማቸው መሰለኝ፣ እጄን ያዝ አድርገው ዝም አሉ። እስከ መጨረሻው አለቀቁኝም።

ጴንጤ ከሆንሽ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ቸርች ኦፍ ፔንቴኮስት ነው። በ1937 የመጣው የአየርላንዱ ሚስዮናዊ ጄምስ ማክኪዎን የጀመረው ነው፤ አሁን የሚጠራበትን ስም የያዘው በ1962 ነው። መንደር ለመንደር ቅርንጫፍ አለው፤ አብዛኛው ግን በአገሬው ቋንቋ ነው። አንቺ መፈለግ ያለብሽ ፒ አይ ደብሊው ሲ የሚባሉትን ነው። በእንግሊዝኛ የሚያመልኩ፣ የከተማ ወጣትና የውጭ ሰው የሚበዛባቸው የራሱ ጉባኤዎች ናቸው። ሥርዓት አላቸው፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ስምሽን መዝግበው በሳምንቱ ይደውሉልሻል። (ይህ የማይመችሽ ከሆነ ስልክ አትስጪ።) ድሮ ሴቶች ራሳቸውን መሸፈን ነበረባቸው፤ በ2010 ግን ቤተክርስቲያኒቱ ራሷ ግዴታ አይደለም ብላ አሳውቃለች። ነጠላሽን ጣል ብታደርጊም የሚገረም የለም።

ትምህርት ከወደድሽ ደግሞ አቦሲ ኦካይ የሚገኘው ክራይስት ቴምፕል ይሻልሻል። መንሳ ኦታቢል በ1984 የመሠረቱት የአይ ሲ ጂ ሲ (ኢንተርናሽናል ሴንትራል ጎስፔል ቸርች) ዋና ቤት ነው። ሰፈሩ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት፣ የአክራ ሶማሌ ተራ በይው። ስብከቱ እንደ ክፍል ትምህርት ነው፤ ደብተር ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። ስፒንቴክስ መንገድ ላይ ያለው፣ ኒኮላስ ደንካን ዊሊያምስ በ1979 የጀመሩት አክሽን ቻፕል ደግሞ ጸሎት በጸሎት ነው። ቀውጢ ነው። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።

ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ፦ አክራ ውስጥ የኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን አለ፣ ግን የእኛ አይደለም። ጋናውያን ራሳቸው የጀመሩት ማኅበር ነበር፤ በ1982 በግሪኩ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ሥር ገባ። ከተዋሕዶ ጋር በቁርባን አንድ ስላልሆነ ለመሳለምና ዕጣን ለማሽተት ካልሆነ ለቁርባን አትሂዱ። አዳብራካ ያለው የካቶሊኮቹ የመንፈስ ቅዱስ ካቴድራልም ጸጥ ያለ ነው፤ እኔ ሆድ ሲብሰኝ እዚያ ነበር የምቀመጠው።

ቅዳሜን የሚያከብሩትን አድቬንቲስቶች ለማወቅ ያህል ልጥቀስ። አካን የሚባለው የጋና ሕዝብ ፈጣሪን «ኦኛንኮፖን ክዋሜ» ይለዋል፤ ክዋሜ ቅዳሜ የተወለደ ወንድ ስም ነው። አድቬንቲስት ጓደኛዬ ይህንን ሳያነሳ ውሎ አያውቅም።

የቀን ስም ካነሳሁ አይቀር መባውን ልንገራችሁ። ጋና ውስጥ ብዙ ሰው በተወለደበት ቀን ስም ይጠራል። ኮፊ አናን አርብ ነው የተወለዱት፣ ኮፊ የሆኑትም ለዚያ ነው። ታዲያ ብዙ ቤተክርስቲያን ውስጥ መባ የሚሰበሰበው በቀን ተከፋፍሎ ነው። «የሰኞ ልጆች!» ይባላል፣ የሰኞ ልጆች መሐረብ እያውለበለቡ፣ እየጨፈሩ ወደ ፊት ይወጣሉ። ከዚያ ማክሰኞ፣ ከዚያ ረቡዕ። በመጨረሻ ገንዘቡ ተቆጥሮ ማን አንደኛ እንደወጣ ይነገራል። አዳራሹ ልክ ደርቢ እንዳሸነፈ ደጋፊ ይጮሃል። የመጨረሻዎቹ ላይ ይሳቅባቸዋል፣ አንዳንዴም እንደገና ይወጣሉ።

እኔን «የምን ቀን ነህ?» ሲሉኝ አላውቅም። በሳምንቱ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ሚካኤል ዕለት ነዋ!» አለችኝ። የሳምንቱ ቀንስ? «እሱን ማን ያስታውሰዋል፣ ሚካኤል ነው አልኩህ።» ለጋናውያኑ ይህን ማስረዳት አቃተኝ። ተሰብስበው መከሩና ከእሁዶቹ ጋር መደቡኝ፤ በዚያ ወር የሰው እጥረት የነበረባቸው እነሱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ክዋሲ ነኝ። ለማንኛውም ዝርዝር ሲዲ (የጋና ገንዘብ ነው) ያዢ፤ መባው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ። በየሰፈሩ በነቢይ ስም የተከፈቱ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሁሉም አንድ ናቸው አልልም። አንዱ ጋ ግን የሥራ ባልደረባዬ ይዞኝ ሄደ፣ ስሙን አልጠቅስም። ሰውየው እኔን አይቶ «ቤተሰብህ ውስጥ የታመመች ሴት አለች» አለ። ማን ቤት የታመመች ሴት የለችም? ከዚያ ጠርሙስ ዘይት ወጣ። ትንሹ በርካሽ፣ ትልቁ «ለጠነከረ ችግር» በውድ። ትንሹን ገዛሁ፣ ቤት ሄጄ ሳየው የምግብ ዘይት ሽታ ነበረው። የዘመን መለወጫ ትንቢት እዚያ እንዴት እንደሚከብድ ለማወቅ ይህ ይበቃል፦ በ2021 መጨረሻ የአገሪቱ ፖሊስ ሕዝብ የሚያስደነግጥ ትንቢት የሚናገሩትን በሕግ እጠይቃለሁ ብሎ መግለጫ አውጥቶ ነበር።

ልብስ ላይ፦ ነጭ ይዘሽ ሂጂ። እዚያ ነጭ የምስጋናና የደስታ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስሽ ያለ ማብራሪያ ያልፋል። ጥቁርና ቀይ የለቅሶ ነው። ማኮላ ገበያ የየቤተክርስቲያኑ ዓርማ የታተመበት ጨርቅ ይሸጣል፤ ለስጦታ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ደግሞ የአክራ ነባር ነዋሪ የሆነው የጋ ሕዝብ ሆሞዎ ከሚባለው በዓሉ በፊት ከተማው ውስጥ ከበሮ ለአንድ ወር ያህል ይከለክላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚህ ሰበብ ከቤተክርስቲያኖች ጋር ግጭት ደርሶ ነበር። በዚያ ወቅት አምልኮው ቀዝቀዝ ካለብሽ ምክንያቱ ይህ ነው።

አንድ እሁድ ብቻ ነው ያለኝ የሚል ሰው ካለ ግን አክራ አይቆይ፤ ኬፕ ኮስት ወደምትባለው ከተማ ይሂድ። ሜቶዲስት የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ጋ። መጽሐፍ ቅዱስ ላኩልን ብለው የጠየቁት የከተማው ወጣቶች ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ሚስዮናዊ ጆሴፍ ደንዌል በ1835 ጃንዋሪ 1 ቀን ደረሰ፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ሞተ። እንግሊዝኛውን መዝሙር ማንበብ ያልቻሉት ሴቶች በአካባቢው ቋንቋ በፋንቲ የራሳቸውን ዜማ አወጡ። ኤቢቢንድዎም ይባላል። ሰባኪው መሐል ላይ እያለ አንዲት አሮጊት ከተቀመጡበት ብቻቸውን ያነሳሉ። ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሰባኪው ቆሞ ይጠብቃል። ማንም አልፈቀደላቸውም፣ ማንም አያስቆማቸውም። የተሰበከውን ታሪክ ነው በዜማ የሚመልሱለት። ድምፃቸው እንደ እናቶቻችን እንጉርጉሮ ሻከር ያለ ነው። እኔ ቋንቋውን ሳልሰማ አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ባሪያ ይነገድበት ወደነበረው የእንግሊዞች ምሽግ ውረዱ። እንግሊዞቹ የጸለዩበት ክፍል ያለው ባሪያዎቹ ከታጎሩበት ጉድጓድ በላይ ነው። በ1765 በአንግሊካን ቤተክርስቲያን ቅስና የተቀበለው የመጀመሪያው አፍሪካዊ ፊሊፕ ክዋኩ ለአምስት አሥርት ዓመታት ገደማ ያገለገለው እዚያ ነው፤ መቃብሩም ግቢው ውስጥ ነው። አስጎብኚው መብራቱን አጥፍቶ ለትንሽ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ያቆማችኋል።

ወደ ኬፕ ኮስት የሚሄደው ትሮትሮ የሚነሳው አክራ ውስጥ ካለው ካኔሺ ነው፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቅዳሜ ሄዳችሁ እደሩ። በማለዳው እንዳትረፍዱ፣ አሮጊቶቹ መሐል ያለው ወንበር ቶሎ ይሞላል።