ቮልሴን ለእህቴ ልጅ ላስተላልፍ ነው፤ ከማስረከቤ በፊት ምን ልሥራ?

ባለቮልስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1970 ሞዴል ቮልስ 1300 አለችኝ፤ ለእህቴ ልጅ በስጦታ ላስተላልፍላት ነው፣ ስሙም ይዞርላታል። ሞተሩ የፋብሪካው አይደለም፣ 1600 ገብቶበታል። ሰነዱ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ግን አሁንም የድሮው ነው። ባትሪው 12 ቮልት፣ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ፍሬን። ልጅቷ መንጃ ፈቃድ አላት፤ የለመደችው ግን ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለው አዲስ መኪና ነው። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት የግድ መሠራት ያለበት ምንድን ነው? ወረቀቱንስ እንዴት ላድርገው? ቀለሟ ደብዝዟል፤ አስቀብቼ ልስጣት ወይስ ገንዘቡን ሌላ ላይ ላውለው?

ካቻቢቴ፦
ጋሼ፣ ቀለሙን ይተዉት። ደብዛዛ ቀለም ማንንም አልጎዳም። አዲስ ቀለም ግን ዝገቱን ይሸፍንና ልጅቷ የት የት ብየዳ እንደሚያስፈልግ እንዳታይ ያደርጋታል።

ገንዘቡን መጀመሪያ እሳት መከላከያ ላይ ያውሉት። ከሳልባትዮው ሥር አንስቶ እስከ ካርቡሬተሩ ያለው የላስቲክ ቱቦ አንድም ሳይቀር ይቀየር። ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ ቱቦ ይግዙ፤ ሁለት ሜትር ከበቂ በላይ ነው። በጨርቅ የተሸፈነው የድሮ ቱቦ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ይሰነጠቃል፤ ጫፉን አጠፍ ሲያደርጉት ይታያል። ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የነሐስ አፍንጫም በእጅዎ ጠምዘዝ አድርገው ይሞክሩት። ጥርስ የለውም፣ ተጨምቆ የገባ ነው። ከተንቀሳቀሰ አንድ ቀን መንገድ ላይ ወልቆ ቤንዚኑን የጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል። የቤንዚን ፊልትሮ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሎ ከሆነ ያውጡት፤ ክብደቱ ያንኑ አፍንጫ ይጎትታል፣ ቱቦውንም ያላላል። ቦታው ከመኪናው ሥር፣ ከሞተሩ ርቆ ነው።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል አለ። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ፖል ሊነካ ይችላል፤ ከነካ ሾርት ያደርጋል፣ የወንበሩ ሙሌት ደግሞ ለመቀጣጠል ጊዜ አይፈጅበትም። ክዳን የሌለው ባትሪ ይዛ እንዳትወጣ።

የእሳት ማጥፊያውን ከፊት ኮፈን ውስጥ አያስቀምጡላት፤ ከሾፌሩ ወንበር እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ዱቄት ያለው ነው የሚያስፈልገው። የቮልስ ሞተር ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ እሱ ራሱ ከተያያዘ ውሃ መድፋት ያብሰዋል።

መዝገብ ቤት፦
ስለ ወረቀቱ ልመልስ። የሞተሩን ቁጥር ከዝውውሩ በፊት፣ መኪናው በእርስዎ ስም እያለ ያስተካክሉት። አሠራሩ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ሞተሩን ያስገባው ባለቤት ደረሰኙን ይዞ ሲቀርብና አዲስ ባለቤት «ከነበረው ያገኘሁት ነው» ስትል ግን የትም ቢሆን እኩል አይታይም። ልጅቷ ቁጥሩ ያልገጠመ መኪና ከተረከበች ጣጣው የሚከተላት እሷን ነው።

ቁጥሮቹን በዓይንዎ አይተው ፎቶ ያንሱ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃሉ ላይ ከፍ ብሎ በሚያልፈው የወለሉ ቦይ ላይ ተመትቷል፤ በ1970 ሞዴል 10 አኃዝ ነው። ዛሬ የለመድነው 17 አኃዝ የመጣው በኋላ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ «አጭር ነው» ቢል አይደንግጡ። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው የተቀመጠበት እግር ሥር ነው፤ በሽቦ ብሩሽና በትንሽ ቤንዚን ካልጠረጉት አይነበብም። ይህን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የሚሠሩት።

ውክልና ሰጥቼ ትንዳው ካሉ ደግሞ ነገሩ አላለቀም። ውክልና በአብዛኛው አገር ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ ያኔ መኪናው ከውርስ ንብረት ጋር ይቆጠራል፣ «ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር» የሚል የቃል ወሬም ወንድምና እህት ያጣላል። ስጦታ ከሆነ የስጦታ ውል ተጽፎ ይፈረም። «እንዳትሸጪው» የሚል ሐሳብ ካለዎት እሱም እዚያው ይጻፍ፤ የምመክረው ግን መሸጥ ስትፈልግ አስቀድማ ቤተሰብ እንድትጠይቅ ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ ስሙ በዞረበት ዕለት በእሷ ስም ይግባ። ዋጋውን በስምምነት የሚወስን ውል ካገኙ ይሻላል፤ አለዚያ ጉዳት ሲደርስ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ነው የሚገምቱላት።

ሦስተኛ ሲሊንደር፦
ካቻቢቴ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ቫልቭ ነው፤ ይህን ሞተር የሚገድለው እሱ ስለሆነ።

በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ መግቢያውም የጭስ ማውጫውም። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን፤ አድሮ ጠዋት ቢሠራ ጥሩ ነው። ከአንድ ቁጥር ሲሊንደር ጀምራችሁ የሞተሩን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር) በግማሽ ዙር ወደ ኋላ (ከሰዓት ተቃራኒ) እያዞራችሁ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። አንድና ሁለት በቀኝ፣ ሦስትና አራት በግራ ናቸው፤ አንድና ሦስት ወደ መኪናው አፍንጫ ያሉት ናቸው።

ዋናው ቁም ነገር ከማስተካከላችሁ በፊት ያገኛችሁትን ክፍተት መጻፍ ነው። አንድ ቫልቭ በየጊዜው እየጠበበ የሚገኝ ከሆነ፣ በተለይ የሦስት ቁጥር የጭስ ማውጫ፣ ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው እየተበላ ነው። እያሰፉ መቀጠል አያዋጣም፤ የቫልቩ ጭንቅላት ተቆርጦ ፒስቶኑን ይበሳል። ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሩ ክዳን) ቀድሞ መውረድ አለበት። ሦስት ቁጥር የሚጎዳው በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከፋኑ ለእሱ የሚመጣውን አየር ስለሚጋርድበት ነው። እስካሁን የጻፉት ደብተር ካለዎት ከመኪናው ጋር ይስጧት፤ ከሌለዎት ዛሬ የለካችሁት የመጀመሪያው ገጽ ይሁን።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር። ፊልትሮ የለውም፤ ከሥር ያለው ወንፊት ወርዶ ይታጠባል። ስድስቱ ትንንሽ ዳዶዎች 7 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ይበቃቸዋል። ጉልበት ያሳየባቸው ሰው ጥርሱን ይበላዋል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ዘይት ያንጠባጥባል። ይህን ሥራ ራሷ ትሥራው፣ እርስዎ አጠገቧ ይቁሙ።

ጥግ ያዥ፦
መኪናዋ ሳትሆን ሾፌሯ ነች የምታሳስበኝ።

የ1970 ቮልስ 1300 የኋላ አክስሉ የሚወዛወዝ ዓይነት ነው። ጥምዝ መንገድ ውስጥ በፍጥነት ገብታ ድንገት ነዳጅ ከለቀቀች ወይም ፍሬን ከያዘች የኋላው ይነሳል፣ የውጭው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መኪናው ይዞራል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከጥምዙ በፊት ነው፤ ጥምዙ ውስጥ ነዳጁ ሳይለቀቅ ይያዛል። ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ አስለምዷት። ፍሬኑም ሲቆለፍ የሚያላቅቅላት የለም፤ ጎማው ሲንሸራተት ፔዳሉን ለቀቅ አድርጋ እንደገና መያዝ አለባት።

የጎማ አየር ደግሞ፣ ራዲያል ከሆነ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው። ጎማ ቤት ሲገቡ አራቱንም እኩል 30 ይሞሉታል፤ ያኔ የፊቱ ይደነድናል፣ የኋላው ለመዞር ይቀለዋል። ቁጥሩን የጓንት ሳጥኑ ክዳን ላይ ጽፋችሁ ለጥፉላት። መጠባበቂያው ግን እስከ 42 ይነፋል፤ የመስታወቱን ውሃ የሚገፋው የእሱ አየር ነው። (ውሃው አልወጣ ሲል ፓምፕ ፈልጎ መከራውን የሚያይ ሰው ብዙ ነው።)

የዲናሞው መብራት ሲበራ ወዲያው ትቁም። በአንዳንድ ሌላ መኪና ባትሪው እስኪያልቅ መንዳት ይቻላል፤ እዚህ ዲናሞውንና ማቀዝቀዣ ፋኑን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ማቀዝቀዣ የለውም። ትርፍ ቺንጋ፣ 21 መፍቻና ካቻቢቴ መኪናው ውስጥ ይኑር። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ያህል መጉደል አለበት፤ ማጥበቂያውም ማላሊያውም በዲናሞው ፑሌጃ መሃል ያሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ናቸው።

ባለቮልስ፦
ተባረኩ። ቀለሙ ቀርቷል። አንድ ነገር፦ ማሞቂያው ሲከፈት የጭስ ሽታ ትንሽ ይገባል። የባትሪው ሥርም ዝጓል። አሳሳቢ ነው?

ካቻቢቴ፦
ሁለቱም። የቮልስ ማሞቂያ ጭስ ማውጫውን የከበበ አየር ነው ወደ ጋቢና የሚያስገባው። የሙቀት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቱቦ ዝጎ ከተበሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል፤ እሱ ራሱ ሽታ የለውም፣ የሸተተዎት የቀረው ጭስ ነው። ሁለቱ የሙቀት ሳጥኖች ወርደው በአየር ግፊት እስኪፈተኑ ድረስ ማሞቂያው ተዘግቶ ይቆይ፣ ለእሷም አይሰጣት። የሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው ጎማ ከተቀደደም ከሥር የሚመጣው ትኩስ አየርና ጭስ በፋኑ ይሳባልና እሱንም አብረው ይዩት።

የባትሪው ሥር በካቻቢቴ ጫፍ ይወጋ። ከገባ ላሜራው ተቆርጦ አዲስ ይበየድ፤ ስቱኮ አይደለም። ሲበየድ ባትሪው፣ ወንበሩና ምንጣፉ በሙሉ ይውጡ፣ የዲናሞው ሽቦም ይነቀል። የአሲዱን ቅሪት አስቀድመው በቤኪንግ ሶዳና በውሃ እጠቡት፤ አለዚያ አዲሱንም ላሜራ ይበላዋል። መሪውና የፊት እግሩ የሚታሰሩበትን የሻንሲ ጫፍም ከሥር ሆነው በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ያድርጉት፤ እዚያ ዝገት ከተገኘ ስም ማዞሩን አቁመው መጀመሪያ ያሠሩት።