ባለ ሞተር የእግር ድጋፍ፦ ግራ ጉልበቱ መሀል ላይ ይቆማል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። እግር ላይ ታስሮ በሞተር የሚያራምድ የብረት ድጋፍ ነው። ተጠቃሚው ከ10ኛው የደረት አከርካሪ በታች እንቅስቃሴም ስሜትም የለውም፤ የሚራመደው በሁለት ክራንች ነው። ድጋፉ ዳሌና ጉልበት ላይ አራት ባለ 24 ቮልት ሞተሮች አሉት። ሰውነቱን ወደ ፊት ዘንበል ሲያደርግ ሴንሰሩ ያነብና እግሩ ይነሳል።

ችግሩ ግራው ላይ ነው። ጉልበቱ 60 ዲግሪ መታጠፍ ሲገባው 35 አካባቢ ይንቀጠቀጥና ይቆማል፤ የጫማው አፍንጫ ምንጣፉን ይዞ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ከረንቱ ከ6 ወደ 11 አምፒር ይዘላል፣ ወሰኑ 10 ስለሆነ መቆጣጠሪያው ያጠፋዋል። የግራና የቀኙን ሞተር አቀያየርኩ፤ ችግሩ ግራ ላይ ቀረ። ሰው ሳይኖርበት አንጠልጥዬ ሳስኬደው 60 ይደርሳል። ባትሪውም ጭነት ላይ ከ25 ቮልት አይወርድም።

ስለዚህ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። አንድም ጡንቻው በድንገት እየተኮማተረ ነው። አንድም የብረቱ ማጠፊያ ከሰውየው ጉልበት ማጠፊያ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሏል፤ ከልምምድ በኋላ ቅልጥሙ ላይ ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀልቶ ይቆያል።

እባካችሁ "የከረንት ወሰኑን ከፍ አድርገው" አትበሉኝ። ለዓመታት ያልቆመ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፣ ሞተሩ በግድ ቢገፋው ሊሰበር ይችላል።

የብረቱን ማጠፊያ ማስተካከሉን ላስቀድም ወይስ የእርምጃውን ጊዜ ከ0.8 ወደ 1.2 ሰከንድ ላርዝም? መኮማተር በፍጥነት ይብሳልና መዘግየቱ ሳይረዳ አይቀርም፤ ሁለቱን ባንዴ ከቀየርኩ ግን የትኛው እንደሠራ አይለይም። ደግሞስ የጉልበቱን ማጠፊያ ቦታ የምትለኩት ተቀምጦ ነው ቆሞ?