የልጆቼ ፊት ድፍን ጥቁር አልሆን አለኝ

የምኖረው ደሴ ነው። የሁለት ልጆቼን የጎን ፊት እንደ ጥቁር ጥላ አድርጌ ፎቶ አንስቼ ሳሎን ልሰቅል አስቤያለሁ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ግን አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) እና ሹተር (ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) በእጅ ማስተካከል ያስችላል። መስኮታችን ወደ ጦሳ ተራራ፣ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ስለዚህ ጥሩ ብርሃን የማገኘው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ።

መስኮቱ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ልጆቹን ከፊቱ በጎን አቆማለሁ። አምፖሉን አጠፋለሁ። በአውቶ ሳነሳ ስልኩ ፊታቸውን ያበራዋል፤ ኤችዲአር (ጨለማውንና ብሩሁን ቦታ የሚያመጣጥነውን) ማጥፋቱም ብዙ አልረዳኝም። ስክሪኑ ላይ ብርሃኑን ወደ ታች ስስበው ደግሞ አንሶላው ራሱ ግራጫ ይሆናል። አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/250 ሰከንድ ሳደርገው ይሻላል። ትልቋ ሹሩባ ተሠርታ ስለነበር የአንገቷ መስመር ሲያምር! ግን ጉንጯ ላይ አሁንም ብርሃን አለ፣ ዓይኗ ሳይቀር ይታያል። የአፍንጫዋና የከንፈሯ ጠርዝ ደግሞ በአንሶላው ብርሃን ተበልቶ ይደበዝዛል። ትንሹ መቼም አንድ ቦታ አይቆምም፤ እሱን በከረሜላ እይዘዋለሁ።

ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልሳል ብዬ የምጠረጥረው ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ነጭ ግድግዳ ነው። ክፍሉም ጠባብ ስለሆነ ልጆቹ ከአንሶላው የሚርቁት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው።

ፊታቸው ድፍን ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ጥርት እንዲል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ልስቀል ወይስ ልጆቹን ከአንሶላው ይበልጥ ላርቃቸው?