ባለቤቴ ካናዳ ነው፤ ጋብቻችን በውክልና ነው የተፈጸመው። ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት እንችላለን?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ካልጋሪ ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል። ቋሚ መኖሪያውን ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ዜግነት ገና አልወሰደም። ሽማግሌ ተልኮ ጥር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጋባን። እሱ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘ በዕለቱ ታላቅ ወንድሙ በውክልና ፈረመለት፤ የምስክር ወረቀቱም ከቀበሌ ወጥቷል። በዓመቱ መጥቶ ሁለት ወር አብረን ቆይተናል፤ አሁን ሴት ልጅ አለችን። እኔ ከ2009 እስከ 2012 ኩዌት ሠርቻለሁ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ወረቀቱ ይበቃል፤ ግን ባንክ ውስጥ ብዙ ብርና የእንግሊዝኛ ፈተና ያስፈልጋል፤ ሁሉንም እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። እውነት ነው? ከየት ልጀምር?

መልስ 1 (የቤተሰብ ሕግ ባለሙያ)

እህቴ፣ ወረቀቱ አይበቃም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከጁን 11 ቀን 2015 ጀምሮ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመ ጋብቻን ለትዳር ጓደኛ ስፖንሰርነት አትቀበልም። ሁለቱም ተጋቢዎች በሥነ ሥርዓቱ ላይ በአካል መገኘት አለባቸው። ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ለውጥ የለውም፤ ሌላው ሁሉ ቢሟላም በዚህ በአንዱ ነጥብ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። የእኛም የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) መነሻው ተጋቢዎች ራሳቸው እንዲቀርቡ ነው፤ ውክልና በልዩ ፈቃድ የሚገባ ነገር ነው።

ሌላ በር ቢፈለግ ደግሞ፣ ሳይጋቡ አብረው ለኖሩ የሚፈቀደው መንገድ ቢያንስ 12 ወር ሳይቋረጥ አብሮ መኖርን ይጠይቃል። የእናንተ ሁለት ወር ለዚያ አይደርስም። ስለዚህ ባለቤትሽ መምጣት አለበት፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሁለታችሁም ቆማችሁ፣ ምስክሮቻችሁ ባሉበት ትፈርማላችሁ። ከዚያ በፊት የቀድሞው ምዝገባ ምን እንደሚሆን ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ጨርሱ። መሰረዝ ካለበት የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ እሱ የአውሮፕላን ትኬት ሳይቆርጥ አንቺ ከዚህ ጀምሪው። ሁለት የተለያየ ቀን ያለባቸው የጋብቻ ወረቀቶች ጎን ለጎን መኖር የለባቸውም።

መልስ 2 (የስደት ጉዳዮች አማካሪ)

የባንኩም የፈተናውም ነገር ሐሰት ነው። ለትዳር ጓደኛ የቋንቋ ፈተና የለም፤ ከአንቺ የሚጠየቅ የባንክ ተቀማጭም የለም። በባለቤትሽ በኩል እንኳ ለሚስትና ገና ልጅ ላልወለደ ልጅ የተወሰነ ዝቅተኛ ገቢ አይጠየቅም (ኩቤክ የሚኖር ከሆነ የክፍለ ሀገሩ ደንብ ለብቻው ነው፤ ካልጋሪ አይመለከታትም)። የሚታየው ይህ ነው፦ በአካል ጉዳት ምክንያት ካልሆነ የመንግሥት ድጎማ እንዳይቀበል፣ ያልተዘጋ የኪሳራ (የመክሰር) ጉዳይ እንዳይኖርበት፣ የቀድሞ የስፖንሰርነት ግዴታውን እንዳያጎድል። ዜግነት ስላልወሰደ ደግሞ ማመልከቻው እስኪያልቅ ካናዳ ውስጥ መኖር አለበት። እሱ ራሱ በሚስት ስፖንሰርነት የገባ ቢሆን ኖሮ ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። አንቺን ለ3 ዓመት እንደሚያስተዳድር ይፈርማል።

የተጋባችሁትም ልጅም የወለዳችሁት እሱ ቋሚ ነዋሪ ከሆነ በኋላ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ ሆኖ ባያስመዘግባችሁ ኖሮ «ያልተገለጸ የቤተሰብ አባል» ተብላችሁ መዘጋት ይመጣ ነበር። ልጅቱ ስትወለድ አባትዋ ዜጋ ስላልነበር በማመልከቻው ውስጥ እንደ ጥገኛ ልጅ ትገባለች። ዜጋ ቢሆን ኖሮ በትውልድ ዜጋ ትሆን ስለነበር የሚጠየቅላት ቋሚ መኖሪያ ሳይሆን የዜግነት ምስክር ወረቀት ነበር። አብራሽ ባትሄድም እንኳ ስሟን መተው አይቻልም፤ ሕክምናም ትመረመራለች።

ገንዘቡ ለካናዳ መንግሥት በቀጥታ በካርድ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 በወጣው ታሪፍ ለአንቺ 1,205 የካናዳ ዶላር ነበር (85 የስፖንሰርነት፣ 545 የማስኬጃ፣ 575 የቋሚ ነዋሪነት መብት)፣ ለልጅ 175፣ ለአሻራና ፎቶ 85። ታሪፉ በየሁለት ዓመቱ ስለሚከለስ የምትከፍሉበትን ቀን ዋጋ እዩ። ልጅቱ ከ14 ዓመት በታች ስለሆነች አሻራ አትሰጥም።

በክፍያ ሊወክላችሁ የሚችለው በካናዳ የተመዘገበ አማካሪ ወይም ጠበቃ ብቻ ነው፤ ስሙም በውክልና ቅጹ ላይ ይጻፋል። «ስሜ አይግባ» የሚላችሁን ተዉት።

መልስ 3 (ሰነድ ተርጓሚ)

እኔ የምጨምረው ቀንና ስም ነው፤ ፋይል የሚያዘገየው በብዛት እሱ ነው። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ ስትቀይሩ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ጥር 6 ቀን 2015 ማለት ጃንዋሪ 14 ቀን 2023 ነው። የጋብቻው ቀንና የምዝገባው ቀን ሁለት ለየብቻ መስመሮች ናቸው፤ ቅጹ ላይ የሚገባው የጋብቻው ነው። ስምሽ በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ይግባ፤ ጸሐይ የሚለው በአንዱ ሰነድ በ«ቲ ኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ሲጻፍ ይጠየቃል። የአማርኛ ሰነድ ሁሉ ከዋናው ቅጂ ጋር ይተርጎም፤ የቤተሰብ አባል መተርጎም አይችልም።

የወንጀል ነጻ ማስረጃ 18 ዓመት ከሞላሽ ወዲህ፣ ባለፉት 10 ዓመታት 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖርሽበት አገር ሁሉ ያስፈልጋል። ስለዚህ የኩዌቱም ይፈለጋል፣ ከወጣሽ በኋላ የተሰጠ። እሱ ስለሚዘገይ ዛሬ ጀምሪው። የኢትዮጵያው ደግሞ ስታመለክቺ ከ6 ወር በላይ የቆየ መሆን የለበትም፤ መጨረሻ ላይ አውጪው።

መልስ 4 (ካልጋሪ ነዋሪ)

ቅጾቹ በኢንተርኔት የቋሚ ነዋሪነት ፖርታል ይገባሉ። ዋናዎቹ ቁጥር 1344 (ሁለታችሁም የምትፈርሙት)፣ 0008፣ 5406፣ 5669 እና ስለ ትዳሩ የሚጠይቀው 5532 ናቸው። በ5669 ላይ ያለፉት 10 ዓመታት አንድ ወር ሳይጎድል ይሞላ፤ ሥራ ያልነበረበትም ጊዜ «ሥራ አልነበረኝም፣ ከወላጆቼ ጋር» ተብሎ ይጻፍ። ክፍተት ያለበት ፋይል ተመልሶ ይመጣል።

ለማስረጃ ፎቶ እስከ 20፣ የመልእክት ልውውጥ እስከ 10 ገጽ ነው። ሙሽሮቹን ብቻ የሚያሳይ 20 ፎቶ አትላኩ፤ ሽማግሌዎቹ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ሁለቱ ቤተሰብ አንድ ላይ ያለበት ይግባ፣ ከሥሩም ማን ማን እንደሆነ ይጻፍ። ገንዘብ በሰው እጅ የተላከ ከሆነ ማስረጃ የለውም፤ ከአሁን ጀምሮ በስምሽ በባንክ ይላክ። ባለቤትሽ የግብር መግለጫው ላይ «ያላገባ» እያለ ከሆነ ያንን ያስተካክል፤ የኢሚግሬሽን መኮንኑ መግለጫውንና ማመልከቻውን ያስተያያል።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አዲሱን ከፈረምን በኋላ የውክልናውን ጋብቻ ባንጠቅሰውስ?

መልስ 2 (የስደት ጉዳዮች አማካሪ)

በፍጹም። መደበቅ የሐሰት መረጃ መስጠት ተብሎ ለ5 ዓመት ያስከለክላል፤ የውክልናው ነገር ግን ሲገለጽ ወንጀል አይደለም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፦ በ2015 ለምን በውክልና እንደሆነ፣ መቼ በአካል እንደተጋባችሁ፣ የመጀመሪያው ምዝገባ እንዴት እንደተዘጋ። የስረዛውን ወረቀት ከትርጉሙ ጋር አያይዙ። ልጅቱ ከአዲሱ ጋብቻ በፊት መወለድዋ ችግር የለውም፤ የአባትዋ ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ይኑራት።

መልስ 3 (ሰነድ ተርጓሚ)

አንድ ነገር ስለ ጉዞ። የአሻራው ማዕከልም የተፈቀደላቸው ሐኪሞችም አዲስ አበባ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአሻራ የጥሪ ደብዳቤው ሳይደርስሽ አትሂጂ፤ ከደረሰሽ ግን 30 ቀን ነው ያለሽ። ሕክምናውም መመሪያ ሲመጣ ይደረግ፤ ውጤቱ የሚያገለግለው 12 ወር ነው፣ ቪዛውም በዚያ ጊዜ ይገደባል። ሁለቱን ቀጠሮ በአንድ ሳምንት ካደረግሽው ከሕፃን ጋር መመላለሱ ይቀንስልሻል።