በኮድሼር የተቆረጠ ትኬት፦ የመጀመሪያው በረራ ሲሰረዝ ማንን ልያዝ?

ሳሮን (ስዊድን)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጎተንበርግ በፍራንክፈርት በኩል አዲስ አበባ ልሄድ ነው። በረራዬ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ እሁድ የአባቴ ሙት ዓመት ስለሆነ መቅረት አልችልም። ትኬቱ ላይ ያለው የትልቁ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር ነው። እስከ ፍራንክፈርት የሚወስደኝ ግን ሌላ አነስተኛ አየር መንገድ ነው፤ ከሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል (ኮድሼር የሚሉት ይህንን ነው)። ትናንት ሻንጣ ላጣራ ስገባ ያ በረራ ተሰርዟል! ትልቁ ጋ ስደውል «የሚያበሩት እነሱ ናቸው» አሉኝ። ትንሹ ደግሞ «ትኬቱን የሸጥነው እኛ አይደለንም» አለ። ትኬቱን ለቆረጠልኝ ኤጀንት ቀድሞ ኢሜይል ተልኮለት ኖሮ አልነገረኝም።

ዳዊት (ፍራንክፈርት)
እህቴ፣ አይዞሽ። ከሁሉ በፊት ትኬቱን ራስሽ እንዳትሰርዢ፣ በገንዘብ ፈንታ የሚሰጡትን ኩፖን (ቫውቸር) እንዳትቀበይ። ትኬትሽ 13 አሃዝ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የትኬቱ ባለቤት የትኛው አየር መንገድ እንደሆነ ይናገራሉ። ትኬቱን የሚቀይርልሽ እሱ ስለሆነ አሁን እሱን ያዢ። ስትደውዪ «ምን አላችሁ?» ብለሽ አትጠብቂ። በኮፐንሃገን ወይም በስቶክሆልም በኩል ክፍት በረራ ፈልጊና ቁጥሩን ጠርተሽ «በዚህ አድርጉኝ» በያቸው።

ከስቶክሆልም
የካሳው ነገር ግን ለብቻው ነው። በአውሮፓ ሕግ (261/2004) ካሳ የሚጠየቀው ሊያበርሽ የነበረው አየር መንገድ ነው፤ ማለትም ትንሹ። ርቀቱም እስከ ፍራንክፈርት ብቻ ሳይሆን በአንድ ትኬት እስከ አዲስ አበባ ይቆጠራል። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ 600 ዩሮ ነው። «የቴክኒክ ችግር ነው» ቢሉሽ ዝም አትበዪ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ተራ ብልሽት ከካሳ እንደማያድን ወስኗል።

ሄኖክ
ኤጀንቱን በተመለከተ፦ ከአምስተርዳም ወደ ፓራማሪቦ ሊሄድ የነበረ መንገደኛ ልክ ያንቺ ዓይነት ነገር ገጥሞት ነበር። አየር መንገዱ ለኤጀንሲው ብቻ አሳወቀ። ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. የወሰነው፣ ለኤጀንት መናገር ለመንገደኛው መናገር አይደለም ብሎ ነው። የመሰረዙ ማስታወቂያ ከበረራው ቢያንስ 14 ቀን በፊት ለራስሽ እንዳልደረሰሽ ለአየር መንገዱ ጻፊላቸው። ደርሷታል የሚሉ ከሆነ ማስረጃ ማምጣት የእነሱ ፈንታ ነው። ለወደፊቱ ግን ኤጀንቱ የራሱን ሳይሆን ያንቺን ስልክና ኢሜይል እንዲያስገባ ንገሪው። አብዛኛው ወገናችን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ትዕግስት (ቨርጂኒያ)
አሜሪካ ያላችሁ ይህን ለራሳችሁ እንዳትወስዱት። እዚህ ለተሰረዘ በረራ እንዲህ ያለ ካሳ የለም። ሌላ አማራጭ ካልተቀበላችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል፤ በካርድ ከከፈላችሁ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ።

ሳሮን (ስዊድን)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስከ ፍራንክፈርት በባቡር ሄጄ ከዚያ ብሳፈርስ?

ዳዊት (ፍራንክፈርት)
ትኬቱ ላይ ሳያስተካክሉልሽ በፍጹም! የመጀመሪያው ጉዞ ላይ «አልቀረበችም» ተብሎ ከተመዘገበ የአዲስ አበባው ቦታሽም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። መጀመሪያ ትኬቱን ቀይረው በኢሜይል ይላኩልሽ፣ ከዚያ ባቡሩን ቁረጪ።