አጎቴ የሰጡኝ የፒፓ ትምባሆ ለምን እንዲህ ተወደደ? ልሽጠው ወይስ ላቆየው?

የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጎንደር፣ ማራኪ ነው። አጎቴ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖረው ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ገቡ። ፒፓ ያጨሱ ነበር። አሁን ሐኪም ስለከለከላቸው ያልተከፈቱትን ቆርቆሮዎች ሰጡኝና «ሽጠህ ለትምህርትህ አድርገው» አሉኝ።

ፒያሳ ያለ አንድ ባለሱቅ ሁሉንም በ4 ሺህ ብር ልውሰድልህ አለኝ። ከመስማማቴ በፊት ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። ለአንዷ ትንሽ ቆርቆሮ ብቻ ከመቶ ዶላር በላይ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ትልቁ ጣሳ ደግሞ ከሁሉም ርካሽ ነው። ግራ ገባኝ።

በእጄ ያሉት ሦስት ፍሮግ ሞርተን፣ ሁለት ደንሂል ናይትካፕ፣ አንድ ፔንዛንስ እና አንድ ትልቅ ካፒቴን ብላክ ናቸው። ቅጠል ቅጠል ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? ብቆይስ ዋጋቸው ይጨምራል?

ጎንደሬው በዲሲ

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። በ4 ሺህ ብር እንዳትሰጥ።

ፍሮግ ሞርተንን ይሠራ የነበረው ማክሌላንድ የሚባል ኩባንያ ነው። ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፣ በ2018 ተዘጋ። ቨርጂኒያ ከሚባለው የትምባሆ ዓይነት የሚፈልጉት ጥራት ያለው ቅጠል ከገበያ እየጠፋ ስለመጣ ነው የተዘጋው። ወሬው ሲሰማ መደብሮች ወዲያው ባዶ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አይመረትም። አንድ ሰው አንዱን ከፍቶ ባጨሰ ቁጥር በዓለም ላይ የቀረው በአንድ ይቀንሳል።

ፔንዛንስ ሌላ ነው። ፋብሪካው አለ። ጀርሲ በምትባለው የእንግሊዝ ቻናል ደሴት ላይ ያለ፣ በ1820 የተመሠረተ ጀርሜይን የሚባል ትንሽ የቤተሰብ ድርጅት ነው የሚሠራው። የሚያመርቱት ጥቂት ነው። አሜሪካ መደብር ገባ ሲባል በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ብዙ መደብሮች ለአንድ ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አይሸጡም። የገዛው ሰው ግን ወዲያው በሁለትና በሦስት እጥፍ መልሶ ሊሸጠው ይችላል።

ካፒቴን ብላክ በየሱቁ የሚገኝ ነው። ለእሱ የሚሰለፍ የለም።

መምህር ነኝ

የፔንዛንስን ነገር ጎንደር ላለ ሰው በስኳር ማስረዳት ይቀላል። ሸማቾች ማኅበር ስኳር ሲመጣ ዋጋው ከውጭው ገበያ ያነሰ ነው። አልፎ አልፎ ስለሚመጣ፣ መጣ ሲባል ቤቱ ስኳር ያለውም ይሰለፋል። ለነገ ያስባል። የሚበቃው አንድ ኪሎ ቢሆንም የተፈቀደለትን ሁሉ ይወስዳል። ሰልፉ የሚረዝመው የሚበላው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ «ደግሞ መቼ ይመጣል?» የሚለው ስጋት ነው።

ትምባሆው ላይም ይኸው ነው። አምራቹ የመሸጫ ዋጋውን ብዙም ከፍ አያደርግም። ሰው ሊከፍል የሚችለው ዋጋ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። በመሐል ያለውን ልዩነት አየር በአየር ነጋዴው ይወስደዋል። እጥረቱ ራሱ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ቀምሶት የማያውቅ ሰው እንኳ «ይህን ያህል የሚፈለገው ምን ቢሆን ነው?» ብሎ ይፈልገዋል።

ከስኳር የሚለየው ግን በመቀመጡ ነው። በደንብ የታሸገ የፒፓ ትምባሆ ለዓመታት አይበላሽም። እንዲያውም የቨርጂኒያ ቅጠል ሲቆይ ይለሰልሳል ብለው የሚወዱት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ማከማቸት ኪሳራ የለውም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በፒፓ ትምባሆ ላይ አዲስ ቁጥጥር ሲያወጣ፣ ብዙ አጫሾች ለዓመታት የሚበቃቸውን ገዝተው ምድር ቤታቸው ቆለሉ። እጥረት ይመጣል ብሎ መፍራት ራሱ እጥረት አመጣ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ደንሂል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የደንሂል ፒፓ ትምባሆ ሊቆም ነው ሲባል ሰው ተሻማ። በ2019 ግን ናይትካፕን ጨምሮ ታዋቂዎቹ ቅልቅሎች ፒተርሰን በሚል ስም ተመለሱ። የሚሠራውም ቀድሞ ደንሂልን ይሠራ የነበረው ያው የዴንማርክ አምራች ነው። እንደዚያም ሆኖ ደንሂል የሚል የተጻፈበት አሮጌ ቆርቆሮ የተሻለ ያወጣል። አንዱ የቆየውን ቅጠል ብሎ ይከፍላል፣ ሌላው ለስሙ።

የፒያሳ አስጎብኚ

ባለሱቁን አትቀየመው። እዚህ ገዢ የለም። ፋሲል ግቢን ከሚጎበኘው እንግዳ ፒፓ የሚያጨስ አልፎ አልፎ ብታገኝ ነው፤ እሱም ስለ ፍሮግ ሞርተን ላያውቅ ይችላል። ዋጋው ያለው የሚያውቀው ሰው ባለበት ነው።

ደግሞ ተጠንቀቅ። ኢቤይ ትምባሆ መሸጥ አይፈቅድም። በአገራችንም በአዋጅ 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ክልክል ነው። ለማታውቀው ሰው በፖስታ እልካለሁ እንዳትል፤ ገንዘቡም ዕቃውም ሊቀር ይችላል።

እናት ዓለም

ልጄ፣ ሽጠው እንጂ ራስህ እንዳትሞክረው። አጎትህን ሐኪም የከለከላቸው ያለምክንያት አይደለም። ለእሳቸውም እግዜር ምሕረቱን ያምጣላቸው።

የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)

አሜን፣ እማ። አላጨስም። ጥራታቸውን ሳልከፍት እንዴት ልወቅ? አንዱ ፍሮግ ሞርተን ጠርዙ ላይ ትንሽ ዝጓል።

ጎንደሬው በዲሲ

በፍጹም አትክፈት። የተከፈተ ቆርቆሮ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ጆሮህ አጠገብ ይዘህ ቀስ ብለህ አወዛውዘው። ውስጡ እርጥበት ካለው ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጥህ። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ አየር ገብቶበታል። ዝገቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ በብርሃን እየው፤ የላይ ላይ ከሆነ ችግር የለውም፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ካለ ግን ደርቋል ማለት ነው። ማክሌላንድ ከሥሩ ቁጥር አለው፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት አኃዞች የታሸገበትን ዓመት ያመለክታሉ። እሱን ፎቶ አንሣ። ፀሐይ የማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጣቸው። ኩሽና አይሁን።

ዋጋ ስትጠይቅ ደግሞ ሰው የጠየቀውን አትይ። መቶ ዶላር ብሎ የለጠፈ ሰው ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ሊቀመጥ ይችላል። የተሸጠበትን ፈልግ።

አጎትህ አሜሪካ አብረዋቸው ፒፓ የሚያጨሱ ወዳጆች አይጠፏቸውም። እሳቸው ይደውሉላቸው። ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ የምታምነው ዘመድ ካለ ጉምሩክ ላይ አሳውቆ ይያዝልህ።

የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)

አጎቴ የሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች አሉ፣ ዛሬ ማታ እንደውላለን። ሁሉንም አንድ ላይ ልስጥ?

መምህር ነኝ

አንድ ላይ አትስጥ። ካፒቴን ብላኩን ለፒያሳው ባለሱቅ ሽጠው፤ ማቆየቱ ምንም አይጨምርልህም። ፔንዛንሱን አታዘግይ። ፋብሪካው ስላለ ነገ ብዙ ካመረተ ዋጋው ይወርዳል። ናይትካፑም ቅልቅሉ በሌላ ስም ስለሚገኝ ገደብ አለው፤ ጥሩ ዋጋ ከመጣ ስጠው። የትምህርት ክፍያህ እስካላስቸገረህ ድረስ ማቆየት የሚያዋጣው ፍሮግ ሞርተኑን ነው። የዛገውን ግን አስቀድመህ ሽጠው፣ ዝገቱንም ሳትደብቅ ንገራቸው።